ጎመን በጤና፣ ግን በስንት ብር?

«ጎመን በጤና» ያለው ሰው ጎመን ምንጊዜም ከእጅ እንደማይርቅ እርግጠኛ ነበር። ሥጋው ይቅርብኝ፣ ቅቤውም ይቅርብኝ፣ ብቻ ጤናዬ ይሁን ማለቱ ነው። ዛሬ ቡራዩ ወይም ዓለም ገና ጉልት ፊት የቆመ ደመወዝተኛ ግን ተረቱን የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው። ጎመኑ ስንት ገባ? ሽንኩርቱስ? ዘይቱስ?

የምኖረው ቡራዩ ነው። ሰበታና ሱሉልታም ዘመድና ጓደኛ ስላለኝ እመላለሳለሁ። ሦስቱም ከተሞች አሁን በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ለእኛ ለተከራዮች ግን ትርጉማቸው አንድ ነው፦ አዲስ አበባ እየሠራ አዲስ አበባ መኖር ያልቻለ ሰው የሚያድርባቸው ቦታዎች። ኪራዩ ትንሽ ይቀላል፣ ልዩነቱን ደግሞ ታክሲ ይበላዋል። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁና ወጪዬን በስልኬ ላይ መዝግቤ መያዝ ልማዴ ነው። ይህ ጽሑፍም ከዚያ መዝገብና ከሦስቱ ከተሞች ገበያ የወጣ ነው።

ሁልጊዜ የሚቀነሰው ሳህኑ ነው

ወሩ ሲጠብ ኪራይ አይቀነስም። ትራንስፖርት አይቀነስም፣ ሥራ መግባት ግድ ነዋ። ለቤተሰብ የሚላከውም በቀላሉ አይነካም። የሚቀነሰው ሳህኑ ነው። ከሳህኑ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ነው፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ፍራፍሬ፣ ከዚያ አትክልት። መጨረሻ ላይ የሚቀረን እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ ወይም ዳቦ በሻይ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ግን ሰውነት የሚፈልገው ብረት፣ ቫይታሚንና ፕሮቲን አልገባም። ጠግቦ መራብ የሚባለው ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ የሚጫነን ድካምና ማዞር አንዳንዴ የእንቅልፍ ማነስ ሳይሆን የዚህ ውጤት ነው።

ነገሩ የግል ስሜት ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 የነበረውን የኢትዮጵያ የምግብ ዋጋ መርምረው ነበር። ከዋጋ ንረቱ በላይ የተወደዱት የወተት ተዋጽኦ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ ነበሩ። ስኳርና ዘይት ግን በአንጻሩ ረክሰው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዘይትም በዚያው ልክ ከበደን። ደመወዛችን እንዴት እንደተራመደ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ እዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ምግብ ርካሽ ወይም ውድ መሆኑን በኪሎው ዋጋ ብቻ አትለኩት። ዋጋውን ለሰውነታችሁ በሚሰጠው ነገር አካፍሉት። ካልኩሌተሩ እንደሆነ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

የኖቤል ተሸላሚውና የእናቶቻችን በያይነቱ

እ.ኤ.አ. በ1945 ጆርጅ ስቲግለር የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት (በኋላ በ1982 የኖቤል ሽልማት ያገኘው) አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሳ። አንድ ሰው ሰውነቱ የሚፈልገውን ሁሉ አሟልቶ ለመኖር በዓመት ትንሹ ወጪ ስንት ነው? 77 የምግብ ዓይነቶችን ከነዋጋቸው ዘረዘረ፤ ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚኖችን ጨምሮ 9 ነገሮች እንዲሟሉ አደረገ። በ1939 ዋጋ ያገኘው መልስ በዓመት 39 ዶላር ከ93 ሳንቲም ነበር። የተመረጡት ምግቦች አምስት ብቻ ናቸው፦ የስንዴ ዱቄት፣ የጣሳ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ደረቅ ቦሎቄ።

በ1947 ይኸው ጥያቄ ጆርጅ ዳንትዚግ በፈጠረው አዲስ የሒሳብ ዘዴ እንደገና ተሠራ። ዛሬ ስልካችን በዓይን ጥቅሻ የሚጨርሰውን ስሌት ያኔ ሰዎች በእጅ ማስሊያ ነው የሠሩት፤ 120 የሰው ቀን ፈጀ። ውጤቱ 39 ዶላር ከ69 ሳንቲም ሆነ፣ ማለትም ስቲግለር በግምት የተሳሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ዝርዝሩን ልብ በሉት እስቲ። እህል፣ ጥራጥሬ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ትንሽ ወተት። ወተቱን አውጡትና ይሄ የእኛ የጾም በያይነቱ አይደል? እንጀራ፣ ሽሮ ወይም ምስር፣ ጎመን። ስቲግለር ራሱ ይህን ምግብ ለማንም እንደማይመክር ተናግሯል፤ ሰው ጣዕምም፣ ለውጥም፣ እንግዳ መጋበዝም ይፈልጋልና። እኛ ጋ ግን በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና እርድ ያንን ችግር ከፈቱት ቆይተዋል። የእናቶቻችን ገበታ «የድሃ ምግብ» ሳይሆን በደንብ የተሰላ ምግብ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብር ሲያጥረን ከዚያ ገበታ ላይ መጀመሪያ የምናወርደው ጎመኑንና ወተቱን መሆኑ ነው።

አንድ ኪሎ ምስር ስንት እንቁላል ነው?

ከፕሮቲን እንጀምር። አንድ ኪሎ ደረቅ ምስር ውስጥ 240 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ሽምብራ ላይ ወደ 200 ግራም ይሆናል። አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ጥሬ የበሬ ሥጋም 200 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ሊትር ወተት ደግሞ 33 ግራም ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በፕሮቲን ብቻ ካየነው አንድ ኪሎ ምስር ከ40 እንቁላል ወይም ከ7 ሊትር ወተት ጋር ይመጣጠናል።

አሁን ዋጋውን አስገቡ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የሰፈራችሁን ቁጥር እናንተ ሙሉበት፤ እኔ ለማሳያ ብቻ ላስላ። ምስር በኪሎ 240 ብር ነው እንበል፤ አንድ ግራም ፕሮቲን 1 ብር መጣ ማለት ነው። እንቁላል አንዱ 18 ብር ነው እንበል፤ አንዱ ግራም 3 ብር። ሥጋው በኪሎ 1,000 ብር ነው እንበል፤ አንዱ ግራም 5 ብር። ምስር ተወደደ ብለን ከዘለልነው በኋላ በረሃብ ብስኩት የምንገዛ ከሆነ፣ የተወደደው ምስሩ ሳይሆን ብስኩቱ ነው።

ይህ ማለት ግን እንቁላልና ወተት ይቅሩ ማለት አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከጥራጥሬና ከጎመን አይገኝም። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ግን እርስ በርሱ ይሟላል፤ እንጀራ ላይ የሚያንሰውን ሽሮ ይሞላዋል፣ ሽሮ ላይ የሚያንሰውን እንጀራ። ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የፕሮቲኑን ከባድ ሸክም ጥራጥሬው ይሸከም፣ እንቁላልና ወተት ደግሞ በትንሹ፣ ግን ሳይቋረጡ ይግቡ። በሳምንት ሦስት እንቁላል ከዜሮ በጣም ይለያል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የአመጋገብ መመሪያም ዋና መልእክቱ ይኸው ነው፤ በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች ተመገቡ ይላል።

ጤፍ ላይም እንዲሁ። ማኛ የሚወደደው በንጣቱ ነው እንጂ የበለጠ ስለሚመግብ አይደለም። ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ በዋጋ ቀለል ይላል፣ በምግብነቱ ግን አያንስም። እንግዳ ስለሚያየው ብለን የምንከፍለው የንጣት ዋጋ በወር ስንት እንቁላል እንደሚሆን አንዴ አስሉት።

ሦስት በር፣ ሦስት ገበያ

ሦስቱ ከተሞች የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። በእያንዳንዱ በር የሚገባው ግን የተለያየ ነው። ይህን ማወቅ ብር ይቆጥባል።

ሰበታ የጅማ መንገድ ናት። ከእሷ አልፎ ወደ ቱሉ ቦሎ የሚዘረጋው የበቾ ሜዳ የጤፍ፣ የሽምብራ፣ የምስርና የጓያ አገር ነው። ስለዚህ ሰበታ ያለ ሰው ጥራጥሬውን ከሱቅ በብርጭቆ ከመግዛት ይልቅ እህል በረንዳ ጎራ ቢል ይሻለዋል። በሕዳርና በታኅሣሥ የሽምብራ እሸት በየመንገዱ በእስር ሲሸጥ ታዩታላችሁ፤ ከቺፕስ የተሻለ መክሰስ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፦ ሰበታ የአገሪቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ዓሣ ግን በተከራዩ ሳምንታዊ ዝርዝር ውስጥ እስካሁን አልገባም።

ቡራዩ የአምቦ መንገድ ናት። በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ አድርጎ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ሌላም አትክልት ይመጣል። የጀልዱ ድንች በዚሁ መስመር ነው የሚገባው። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ የጎጃም መንገድ ናት፤ የወተት፣ የገብስና የሣር ድርቆሽ አገር። በሶ፣ ቆሎና የገብስ ቂንጬ እዚያ ከፋብሪካ ቁርስ ጋር ሊወዳደሩ አይገባም፣ ይበልጣሉ። አሬራ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት። ቅቤው ስለወጣ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን አብሮ አልወጣም።

ታዲያ ምርቱ በደጃችን ካለፈ ለምን ይወደድብናል? አብዛኛው ስለማይቆምልን ነው። የአዲስ አበባ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። በአምቦ መስመር የመጣ ሽንኩርት ቡራዩን አልፎ ወደ ጅምላው ገበያ ይገባል። በማግስቱ የቡራዩ ቸርቻሪ ሄዳ ትገዛዋለች፣ ጭና ትመልሰዋለች። በመካከሉ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላ፣ የመኪናና የብልሽት ዋጋ ተጨምሯል። ቸርቻሪዋ ላይ መጮህ ዋጋ የለውም፤ የእሷ ትርፍ ከዚያ ሁሉ ትንሹ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጉልት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ከየት መጣ?» ይሁን። በገበያ ቀን ከገጠር በአህያ ወይም በጀርባቸው አምጥተው ራሳቸው የሚሸጡ እናቶች አሉ። የዚያ ጎመን መንገዱ አጭር ነው፣ ዋጋውም አጭር ነው። የከተማችሁ የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት። ኦሮምኛ የማትችሉ እንኳ «ሃርሜ፣ ሜቃ?» ብትሉ (እናቴ፣ ስንት ነው?) ፊት ይፈታል። ጎመኑን ራፉ፣ ወተቱን አናን በሉት። ምርቃት መጠየቅም በሳቅ ሲሆን ነው የሚያምረው፤ «ምርቅልኝ እንጂ እናት» ካላችሁ አንድ ሁለት ቅጠል አይጠፋም።

መደቡን በኪሎ አስቡት

ጉልት ላይ ቲማቲምና ድንች በመደብ ይሸጣል። መደብ ደግሞ ብልህ ነገር ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ብሩ አይጨምርም፣ መደቡ ነው የሚያንሰው። ባለፈው ሳምንት ስድስት የነበረው ድንች ዛሬ አምስት ይሆናል፣ ዋጋው ግን ያው ይመስላል። ዳቦም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ መደቡን ገዝታችሁ ሚዛን ያለው ሱቅ አስመዝኑትና የኪሎ ዋጋውን አውጡ። ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ይለምደዋል።

ባለሱቅ ጋ ምስር በብርጭቆ፣ ዘይት በትንሽ ኩባያ መግዛትም እንዲሁ ነው። ትንሽ ስለምንከፍል የረከሰ ይመስለናል፣ በኪሎ ስናበዛው ግን ሌላ ቁጥር ይወጣል። ከዚህ ሌላ የሚጣለውን ቀንሱ። ሙዝ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ልጣጭ ነው። ጎመን ግን በደንብ ከከተፋችሁት ግንዱም ይበላል። የዱባ ፍሬም ታጥቦ፣ ደርቆ ሲቆላ ምርጥ መክሰስ ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ቅጠላ ቅጠልና የበሰለ ቲማቲም ለነገ አያድርም፤ ስለዚህ ሲመሻሽ ባለጉልቷ ራሷ ዋጋ ትቀንሳለች። ከሥራ ስትመለሱ ለዚያው ምሽት የሚሆነውን ያኔ ግዙ። ለሳምንት የሚቀመጠውን ግን ጠዋት መርጣችሁ ግዙ።

ካላንደሩ ላይም ዋጋ አለ

«የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው በዘመን መለወጫ ነው። ተረቱ ሙሉ የገበያ ትንታኔ ነው። በክረምት ጎተራው ይራቆታል፣ እህል ይወደዳል፣ ጎመን ግን በየጓሮው ይንዠረገጋል። አዝመራ ሲሰበሰብ ደግሞ ተራው የእህሉ ይሆናል። እህልና ጥራጥሬ ከመኸር በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይቀልላል። ሽሮና በርበሬ የሚያስፈጭ ሰው በጀቱን ለዚያ ወቅት ማዘጋጀት አለበት። በክረምት ደግሞ ጎመን ብሉ፣ ተረቱ «ውጣ» እስኪለው ድረስ።

ጾምም ዋጋ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ሰው ወተትና እንቁላል ያቆማል። ላሟ ግን አትጾምም፣ ትታለባለች። በሱሉልታ መስመር ያሉ ገበሬዎች በዚህ ጊዜ ወተታቸውን የሚገዛቸው ያጣሉ። ስለዚህ ለማይጾም ሰው፣ ለሙስሊሙም ለፕሮቴስታንቱም፣ በጾም ወራት ወተትና እንቁላል መግዛት ብልህነት ነው። ለሚጾመው ደግሞ ምስርና ሽሮ ከመወደዳቸው በፊት፣ ጾሙ ሳይገባ መሸመት። ፋሲካ ዋዜማ እንቁላል ልግዛ ያለ ሰው የሁሉንም ሰው ጉጉት አብሮ ነው የሚገዛው።

ድህነት ውድ ነው፣ ዕቁብ ግን አለ

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ «በጅምላ ለመግዛትም እኮ ብር ይጠይቃል» የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ጤፍ በኩንታል ይገዛል፣ የሌለው በኪሎ ይገዛል፣ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ የከፈለው የሌለው ነው። ይህ የስንፍና ወይም የአያያዝ ጉዳይ አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚወጣ ብር ማጣት ነው።

መፍትሔው ግን እኛ ጋ ድሮም አለ። አምስት ተከራዮች በአንድ ግቢ ካሉ የአስቤዛ ዕቁብ ይጣሉ። አንድ ኩንታል ጤፍ ለአምስት ሲካፈል 20፣ 20 ኪሎ ይደርሳል። ገንዘቡን በቴሌብር ሰብስቡ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ የደረሰኙንና የሚዛኑን ፎቶ ለጥፉ። ፎቶው የሚለጠፈው በጥርጣሬ አይደለም። ሒሳብ ሲጸዳ ወዳጅነት ይቆያል።

ራቅ ወዳለ ገበያ መሄድ ያዋጣል ወይ የሚለውም በስሌት ይመለስ። ደርሶ መልስ ታክሲ 60 ብር ነው እንበል፣ እዚያ ሽንኩርት በኪሎ በ15 ብር ይቀንሳል እንበል። 60 ለ15 ሲካፈል 4 ነው። አራት ኪሎ ብትገዙ ልፋቱ በነጻ ነው፣ ትርፉ የሚጀምረው ከአምስተኛው ኪሎ ነው። ብቻችሁን አምስት ኪሎ ሽንኩርት ምን ታደርጉታላችሁ? የግቢው ሰው ካዋጣ ግን ሃያ ኪሎ ይሆናል፣ አንድ ሰው ይሄዳል፣ ሌሎቹ በቀጣዩ ሳምንት። የእሁድ ገበያና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቅ በአቅራቢያችሁ ካለም በዚሁ ሚዛን መዝኑት። «የመንግሥት ነው ርካሽ ነው» ብቻ ብላችሁ ሳይሆን ዋጋውን ከጉልቱ ጋር አስተያይታችሁ።

የገዛችሁት ሰውነት ውስጥ እንዲደርስ

ውድ ብር የወጣበት ብረትና ቫይታሚን ድስት ውስጥና ስኒ ላይ ይጠፋል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ከተጠጡ ሰውነት ከእህሉና ከጥራጥሬው የሚወስደውን ብረት ይቀንሳሉ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። በተቃራኒው ሎሚ፣ ቃርያና ቲማቲም ቫይታሚን ሲ ስላላቸው ብረቱን ያግዙታል። ምስር ወጥ ላይ አንድ ሎሚ መጭመቅ ከብዙ ኪኒን ይረክሳል። ቆስጣና ጎመን አንድ ይመስላሉ፣ ግን ካልሲየም ፈልጋችሁ ከሆነ ሐበሻ ጎመን ይሻላል፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል።

ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ካደረ ቶሎ ይበስላል። ይህ በቀጥታ የከሰልና የመብራት ብር ነው። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን። ሽሮ በዱቄት ስትገዙ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ በጣም የረከሰ ሽሮ ጓያ ሊበዛበት ይችላል፣ ጓያ ደግሞ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከተቻለ ፍሬውን ገዝታችሁ ወፍጮ ቤት ራሳችሁ አስፈጩ።

ከላም ባለቤት በቀጥታ የተገዛ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፣ ምንም ትኩስ ቢሆን። አትክልትም በደንብ ይታጠብ። ግን አንድ ነገር እወቁ፦ መታጠብ ጀርምን ያስወግዳል እንጂ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ ከተበከለ ወንዝ ውኃ የጠጣ ጎመን ውስጥ የገባውን ከባድ ብረት አያወጣም። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ አትክልት ላይ ይህ በጥናት ታይቷል። «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ የዋጋ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፍሪጅ ለሌለው ክፍል የሚሆን ዝርዝር

ብዙዎቻችን አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ ነው ያለን፤ ፍሪጅ የለም። እኔ የምጠቀምበት አከፋፈል ይኸው፣ እንደ ኪሳችሁ አስተካክሉት።

በወር አንዴ፦ ጤፍ ወይም ዱቄት፣ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ በሶ፣ ተልባ፣ ጨው፣ ዘይት። የወሩ ብር እንደገባ፣ ሌላ ነገር ሳይነካው።

በሳምንት አንዴ፦ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ እንቁላል። እነዚህ ቀዝቃዛና ጨለማ ጥግ ላይ ሳምንት ይቆያሉ። የበቀለና የአረንጓዴነት ነገር ያሳየ ድንች ግን አይበላ። እንቁላል ከተጠራጠራችሁ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ ከሰጠመ ደህና ነው፣ ከተንሳፈፈ አርጅቷል።

በየሁለት ሦስት ቀኑ፦ ሐበሻ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃርያ፣ ሙዝ ወይም በወቅቱ የረከሰ ፍሬ፣ ግማሽ ሊትር ወተት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ብዙ ይመስላል እንጂ ሁለት መካከለኛ ካሮት፣ አንድ ጭልፋ ጎመንና አንድ ሙዝ ወደዚያው ያደርሳል። ለስላሳ መጠጥ የሚገዛበትን ብር ወደዚህ መስመር አዙሩት፤ በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የለም።

የማንችለውስ?

ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ አያወርድም። ያለንን ብር በተሻለ ያደርሰዋል እንጂ ደመወዝ አይጨምርም። እኔ እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉንም ሸክም ሸማቹ ትከሻ ላይ መጫን አይመቸኝም። ጎመን በደጁ እያለፈ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስለት ከተማ፣ ገበያ የሚጎድለው ከተማ ነው። በሦስቱም በሮች ላይ ገበሬው በቀጥታ የሚያራግፍበት፣ ጥላና ሚዛን ያለው የጅምላ ቦታ ቢኖር፣ የዕለቱ ዋጋ በየጠዋቱ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ቢለጠፍ፣ በጾም ጊዜ ገዢ ያጣ ወተት ወደ ትምህርት ቤት ምገባ ቢሄድ፣ ትልቅ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ሸገር ከተማ ብዙ መንገድና ሕንፃ እየሠራ ነው፤ ከመንገዱ ዳር የአትክልት ማራገፊያ ቦታ መተው የዚያ አካል ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው ድረስ የእኛ ሥራ ቅርብ ነው። በዚህ ቅዳሜ የሰፈራችሁን የምስር፣ የእንቁላልና የወተት ዋጋ ጠይቁ። በ240፣ በ6 እና በ33 አካፍሉ። ውጤቱን ለግቢያችሁ ሰው አሳዩትና ማን ከማን ጋር ኩንታል እንደሚካፈል ተነጋገሩ። ጎመኑን ደግሞ ከዝርዝሩ አታውጡት።